ለግቢያችሁ የትኛው ይሻላል? ካዝሚር፣ ወሽመላ፣ ጊሽጣ እና ሌሎችም

በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ግቢዬ ውስጥ ትንሽ ቦታ አለችኝ። ለየት ያለ ፍራፍሬ ፈልጌ ነበር። ምን ልትከል?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። ወይ ማንጎ ነው፣ ወይ ኮኮናት፣ ወይ ደግሞ ስልኩ ላይ ያየው ቀይ ድራገን ፍሩት።

አዲስ አበባ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ አንድ ማንጎ አለ። ከተተከለ 11 ዓመት ሆኖታል። ቅጠሉ የሚያምር፣ ጥላው የሚያረካ፣ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው ዛፍ ነው። እስከ ዛሬ ግን አንድ ፍሬ አልሰጠም። አበባው ይመጣል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ይለብሳል፣ ከዚያ ይረግፋል። ከሱ ሦስት ሜትር እልፍ ብሎ፣ አጥሩ ሥር፣ ማንም ሳይተክላት ከተጣለ ዘር የበቀለች ወሽመላ አለች። ልጆቹ በየዓመቱ እየተንጠላጠሉ የሚለቅሙት ከሷ ነው።

ማንጎው ምንም አላጠፋም። ቦታው ነው ያልሆነው። ስለዚህ «የትኛው ፍሬ ይጣፍጣል?» ብለን አንጀምርም። ሁሉም በየራሱ ይጣፍጣል። ዋናው ነገር የናንተ ግቢ የትኛውን ያበላችኋል የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት ከፍታ

እኛ አገር ፍራፍሬ ላይ የመጀመሪያውን ውሳኔ የሚሰጠው ከፍታ ነው። በየ100 ሜትሩ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ 2350 ገደማ ላይ። በመካከላቸው 6 ወይም 7 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። ለሰው አንድ ሹራብ መደረብ ነው። ለማንጎ ግን ማፍራትና መምከን ነው።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለው የድሮ አከፋፈል ዛሬም ለአትክልተኛ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። በግርድፉ ከ1500 ሜትር በታች ቆላ ነው፣ ከ1500 እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ። አርባ ምንጭ ቆላ ናት። ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳርና ሐረር ወይና ደጋ ናቸው። አዲስ አበባ ድንበሩ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦ ሥር ያለ ግቢና ቃሊቲ ያለ ግቢ አንድ አይደሉም። ከፍታችሁን ካላወቃችሁ ስልካችሁ ይነግራችኋል፤ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት እዩት።

ግቢው ራሱም ውስጡ ይለያያል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ነው፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ላይ የሚበርደው ታችኛው ጥግ ነው። ውርጭ ካለ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። በአንጻሩ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ካላችሁ ብርድ ለማይችል ዛፍ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ደብረ ብርሃንና መሰሎቿ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ የምዘረዝራቸው አብዛኞቹ ለናንተ አይሆኑም። ብርዱን የሚፈልጉት ፖምና ፕሪም ይሻሏችኋል። ጨንቻ በፖም ስሟ የገነነው በብርዷ ነው።

ካዝሚር ወይስ ወሽመላ?

ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ላለ ሰው ምርጫው ብዙ ጊዜ እዚህ ሁለቱ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ብርዱን ይችሉታል። ሁለቱም ብዙ እንክብካቤ አይጠይቁም። ግን ፈጽሞ የተለያየ ዓይነት ዛፍ ናቸው።

ካዝሚርን መንገድ ዳር ተደርድሮ ሲሸጥ አይታችሁት ይሆናል። ብርቱካን የሚያህል፣ ልጡ ስስ፣ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ፍሬ ነው። ያልለመደው ሰው እንደ ፖም ይገምጠውና ልጡ መሮት ይተወዋል። እንዲህ አይበላም። በእጃችሁ ይዛችሁ ጫን ስትሉት እንደ በሰለ አቮካዶ ለስለስ ካለ፣ መሃል ለመሃል ቁረጡት። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ክሬም የለሰለሰ ነው። በማንኪያ ነው የሚበላው። ሙዝ ሙዝ ይላል፣ ትንሽ ኮክ ኮክም ይላል። መሃሉ ላይ ከሁለት እስከ አምስት ትልልቅ ዘር አለ። ዘሩ መርዛማ ስለሆነ ልጆች እንዳያኝኩት ተጠንቀቁ።

የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ደጋማ ቦታዎች ነው። እዚያ ከ2500 ሜትር በላይ ሁሉ ይበቅላል። የኛን ከፍታ እንደ አገሩ የሚያየው ለዚህ ነው። ከብርቱካንና ከሎሚ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፣ ቢያዩት ግን ማንም አይገምትም። አንዴ ሥር ከሰደደ ረጅም በጋ አያስደነግጠውም።

ጉዳቱስ? ሦስት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ከዘር የበቀለ ካዝሚር ለማፍራት 7 ወይም 8 ዓመት ይፈልጋል። የተዳቀለ ችግኝ (ካፈራ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀበት) ካገኛችሁ ወደ 3 እና 4 ዓመት ይወርዳል፣ ችግሩ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ሁለተኛ፣ ዛፉ ትልቅ ይሆናል። ካልተገረዘ 10 ሜትር ማለፍ ለሱ ምንም አይደለም። ሥሩም ጉልበተኛ ስለሆነ ከቤት ግድግዳና ከፍሳሽ ጉድጓድ ቢያንስ 6 ሜትር አርቁት። ሦስተኛ፣ ሲያፈራ ያለ ልክ ነው። የበሰለው መሬት ላይ ወድቆ ይፈርጣል። ማታ የሌሊት ወፍ ይመጣበታል። መኪና የምታቆሙበት ላይ ከተከላችሁት ይቆጫችኋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ችግኙ አንድ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቁረጡት። ያኔ ወደ ላይ መሮጡን ትቶ ወደ ጎን ይሰፋል። ፍሬውን ደግሞ ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ አትጠብቁ። ጠንካራ ሳለ፣ ቀለሙ ፈካ ማለት ሲጀምር፣ ትንሽ ግንጣይ እንጨት አስቀርታችሁ በመቀስ ቁረጡት። በጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ይበስላል።

ወሽመላ በሁሉም ነገር ትንሽ ናት። ዛፏ ከ5 እና 6 ሜትር ብዙ አትዘልም፣ በመቀስ ደግሞ 3 ሜትር ላይ ልትይዟት ትችላላችሁ። ፍሬዋ በእንቁላልና በለውዝ መካከል ያለ፣ ብርቱካንማ፣ ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ነው። የመጣችው ከቻይና ነው። ቤተሰቧ የፖምና የጽጌረዳ ነው፣ ስለዚህ ከትሮፒክ ይልቅ ለመካከለኛ አየር የተሠራች ዛፍ ናት ቢባል ይቀላል። የአዲስ አበባ ሌሊት አያሳስባትም። ቅጠሏ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። አበባዋ ነጭና መዓዛው ደስ የሚል ነው፣ ንብ ይወደዋል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ሼሴክ» ብለው ያውቋታል። እዚያ በፀደይ፣ ፋሲካ አካባቢ ነው ገበያውን የምታጥለቀልቀው።

የወሽመላ ዋና ጉድለት ፍሬዋ ከተለቀመ በኋላ አለመጣፈጧ ነው። ጥሬዋን የቀጠፈ ጥሬዋን ይበላል። ዛፏ ላይ በደንብ መቅላት አለባት። ያን ጊዜ ደግሞ ወፉም ይጠብቃታል። ሌላው ፍሬዋ ዘር ብቻ ሆኖ ሥጋው ማነሱ ነው። ይህን ግን እናንተ ማስተካከል ትችላላችሁ። ፍሬዎቹ ባቄላ ሲያህሉ ከየዘለላው አራት ወይም አምስት ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ቀንሱ። ሲጀመር እጅ አልታዘዝ ይላል፣ ጥጋብ ይመስላል። ውጤቱን ስታዩ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ራሳችሁ መቀስ ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ዘሯንም እንደ ካዝሚሩ ማኘክ ጥሩ አይደለም፣ መትፋት ነው።

ከዘር ከሆነ ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ ከተዳቀለ ከ2 እስከ 3 ዓመት ትጠይቃለች።

እንግዲህ የትኛው? ግቢው ጠባብ ከሆነ ሳላመነታ ወሽመላ እላለሁ። አራት ሜትር በአራት ሜትር ይበቃታል። ቦታ ካላችሁና ትዕግሥት ካላችሁ ግን ልቤ ከካዝሚር ጋር ነው። ወሽመላ ደስ የምትል መክሰስ ናት። ካዝሚር ግን ምግብ ነው፣ አንዱን የበላ ልጅ ቁርስ አልፈልግም ይላል። እንዲህ ያለ ዛፍ በየግቢው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ጊሽጣ፦ ሥራ ለሚወድ

ጊሽጣ የምንለው አንድ ፍሬ አይደለም። ስሙ ቢያንስ ለአራት ዘመዳሞች ይሰጣል። ችግኝ ሻጭ «ጊሽጣ ነው» ካላችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጡ አረንጓዴ፣ በአውራ ጣት የተጫነ የሚመስል ምልክት ያለበትና ቅጠሉ ከሥሩ በኩል እንደ ከፋይ የለሰለሰው ቼሪሞያ ነው። ይህ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ልጅ ነው፣ ከ1500 እስከ 2200 ሜትር ይስማማዋል። ጉብጉብ ብሎ እንደ ቅርፊት የተነባበረው ትንሹ ጊሽጣ ሙቀት ይፈልጋል፣ ለቆላ ነው። ቀላ ያለውና ልብ የሚመስለው፣ የበሬ ልብ የሚሉት፣ እሱም ወደ ቆላው ያደላል። ረጃጅሙና ለስላሳ እሾህ ያለበት ሳወርሶፕ ደግሞ ብርድ ፈጽሞ አይወድም። አዲስ አበባ ላይ ሳወርሶፕ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ቤታችሁ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ ጅማ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ ቼሪሞያ የመጀመሪያ ምርጫችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ላይም ያን ፀሐይ የሚጠጣ ግድግዳ ካገኘ ይሞከራል።

ጣዕሙን ለመግለጽ አልሞክርም፣ የበላ ያውቀዋል። ከዘር እንኳ በ4 እና 5 ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ዘሩን አንድ ቀን ውኃ ውስጥ አሳድራችሁ ብትዘሩት በወር አካባቢ ብቅ ይላል። ዘሩ ግን መርዛማ ነው። በተለይ የተፈጨው ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል። ጁስ ስትሠሩ ከነዘሩ እንዳትፈጩት አደራ።

ብዙ ሰው «ጊሽጣዬ ያብባል፣ ፍሬ ግን የለውም» ይላል። ዛፉ አልታመመም። አበባው ነው እንዲህ የተሠራው። አንዱ አበባ መጀመሪያ ሴት ይሆናል፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ አበባ ላይ አይገናኙም። በትውልድ አገሩ ይህን የሚያገናኙት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። እኛ ግቢ ውስጥ ግን ንብ እንኳ አይገባበትም፣ የአበባው ቅጠሎች ወፍራምና ጠባብ ናቸውና።

ስለዚህ ሥራው የናንተ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ የቀለም ብሩሽና የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ይዤ እወጣለሁ። ሦስቱ የአበባ ቅጠሎች ወለል ብለው የተከፈቱትን እፈልጋለሁ። እነዚህ ወንድ የሆኑት ናቸው። ጠዋት ነጭ የነበረው መሃላቸው ወደ ግራጫ ቡናማ ተለውጧል። ጣቴን ሥራቸው አድርጌ መታ መታ ሳደርጋቸው ክዳኑ ላይ ደቃቅ ብናኝ ይወርዳል። ከአራት ወይም አምስት አበባ የተገኘው ይበቃል። ከዚያ ገና በትንሹ ፍንጥቅ ያሉትን እፈልጋለሁ። ቅጠሉን በጥፍሬ ገለጥ ሳደርገው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሴት ነው። ብሩሹን ብናኙ ላይ ነክሬ ዙሪያውን ሁሉ አዳርሰዋለሁ። ሳይውል ሳያድር ያዘ አይባልም፤ ሳምንት አልፎት አበባው ካልረገፈና ሥሩ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ካበጠች ግን ይዟል። የማታው አበባ ካነሰ ብናኙን ክዳኑ ውስጥ ሸፍናችሁ አሳድሩና በማግስቱ ማለዳ ተጠቀሙበት።

ዙሪያውን ሁሉ ማዳረስ ያልኩት በምክንያት ነው። በአንድ በኩል ብቻ የተነካ አበባ ፍሬው ጠማማ ይሆናል፣ አንድ ጎኑ ያብጣል፣ ሌላው ይቀጭጫል። ቆንጆ ክብ ጊሽጣ ካያችሁ ወይ ጥንዚዛ ወይ ታታሪ እጅ አግኝቶታል።

ሌላም ልንገራችሁ፣ ይህን ሳያውቁ ዛፍ የቆረጡ ሰዎች አውቃለሁ። ቼሪሞያ በዓመት አንዴ ለጥቂት ጊዜ ቅጠሉን ያረግፋል። የደረቀ ይመስላል። አልደረቀም። አዲሱ እምቡጥ ያደገው በአሮጌው ቅጠል እግር ሥር ተደብቆ ስለሆነ፣ አሮጌው ካልወደቀ አዲሱ አይወጣም። ጥቂት ሳምንት ታገሡት።

ፍሬውን ጠንካራ ሳለ፣ አረንጓዴው ፈዘዝ ሲል ልቀሙት። ቤት ውስጥ በጥቂት ቀን ይለሰልሳል። ሳይለሰልስ ፍሪጅ ካስገባችሁት ይበላሻል። ረጅም መንገድ አይችልም፣ በቀላሉ ይፈርጣል። ለኔ ጊሽጣን ግቢ ውስጥ የመትከል ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። ጥሩው ጊሽጣ ገበያ አይደርስም።

ለማይጠብቅ ሰው

ሁሉም ሰው አምስት ዓመት አይጠብቅም። ተከራይ አለ። ልጁ በዚህ ዓመት እንዲያይለት የሚፈልግ አለ። ለነዚህ ሁለት አማራጭ አለኝ።

የመጀመሪያው የዛፍ ቲማቲም ነው። እሱም ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ደጋ ስለሚወድ ለአዲስ አበባ የተፈጠረ ያህል ነው፣ ከባድ ውርጭ ግን ይገድለዋል። በአንድ ዓመት ተኩል ወይም በሁለት ዓመት ያፈራል። እንቁላል የሚመስል ቀይ ወይም ቢጫ ፍሬ ነው፣ ልጡ ይመራል፣ ውስጡ በማንኪያ ይበላል። በስኳር የተመታ ጁሱ ቀለሙም ጣዕሙም ልዩ ነው። ዕድሜው አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት አያልፍም። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሆነ ነፋስ ይጥለዋል፣ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ጠንካራ እንጨት አስደግፉት። ከድንችና ከቲማቲም መደብ አርቁት፣ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታ ይዋዋሳሉ።

ሁለተኛው ፓሽን ፍሩት ነው። ዛፍ ሳይሆን ሐረግ ነው፣ ስለዚህ መሬት ለሌለው፣ አጥር ላለው ሰው ነው። ሐምራዊው ለወይና ደጋ፣ ቢጫው ለቆላ። ቢጫው ብቻውን ብዙ ጊዜ አያፈራም፣ ከተለያየ ዘር የበቀሉ ሁለት ሐረጎች ይፈልጋል። ሐምራዊው ብቻውን ይችላል። ሲመቸው በዓመት አካባቢ ፍሬ ታያላችሁ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ግን ፀሐያማ አጥር ካልሆነ ይዘገያል። የተጨማደደውን አትጣሉት፣ ጣፋጩ እሱ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሐረጉ ያረጃል፣ መተካት ነው።

የኔ ምክር ሁለቱንም እንደ ዋና ዛፍ አለማየት ነው። ካዝሚሩን መሃል ላይ ትተክላላችሁ። እሱ እስኪያድግ ጎኑ ላይ ሁለት የዛፍ ቲማቲም ታስቀምጣላችሁ። ካዝሚሩ ሲሰፋ እነሱም ዕድሜያቸው ያልቃል። ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ቤተሰቡም ተስፋ አይቆርጥም።

ዘይቱንን ብዙ አላወራም

ዘይቱን ታውቁታላችሁ። (ዓረብ አገር የኖሩ ሰዎች ዘይቱን ሲባል የወይራ ፍሬ ነው የሚመጣባቸው፣ እኛ የምንለው ጉዋቫውን ነው።) በ2 እና 3 ዓመት ያፈራል፣ አፈር አይመርጥም፣ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ለምን አላስቀድመውም? የፍራፍሬ ዝንብ ነው ምክንያቴ። በተለይ ሞቅ ባለ ወይና ደጋ የበሰለውን ስትከፍቱት ውስጡ ትል ነው። ከተከላችሁት ፍሬው የዋልነት ያህል ሳለ በወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ከረጢት አልብሱት። የወደቀውን በየቀኑ ልቀሙና በጥቁር ፌስታል ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን አቆዩት። ያን የማታደርጉ ከሆነ የናንተ ዘይቱን የሰፈሩን ዝንብ ሁሉ ያረባል፣ ጎረቤት ያለውንም ብርቱካን ይጎዳል።

ቆላ ያላችሁ

ምርጫው ሰፊ የሆነላችሁ እናንተ ናችሁ። ማንጎና ፓፓያ አላችሁ፣ እነሱን አልነግራችሁም። ለየት ያለ ከፈለጋችሁ የበሬ ልብና ትንሹን ጊሽጣ፣ ውኃ ካለ ደግሞ ሳወርሶፕ ሞክሩ። ድራገን ፍሩት የሚያዋጣው እናንተ ጋ ነው። ቁልቋል ስለሆነ ውኃ አያስቸግርም። ቁራጩ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ያብባል። የሚቆምበት ጠንካራ ምሰሶ ያስፈልገዋል፣ የኮንክሪት ምሰሶ ላይ አሮጌ ጎማ አስቀምጠው የሚያሳድጉት ለዚህ ነው። አበባው የሚከፈተው ማታ ነው፣ ሲነጋ ይከስማል። አንዳንዱ ዓይነት በራሱ ብናኝ አያፈራም፣ ሁለት የተለያየ ዓይነት መትከል ይሻላል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ከሮቃ አታስበልጡት። ሮቃ ለቆላ የተፈጠረ፣ ድርቅን የሚችል፣ የልጅ ልጅ የሚያበላ ዛፍ ነው። ከውጭ የመጣውን ስንፈልግ ቁርቁራና ሮቃን ለማገዶ እንቆርጣለን። ወይና ደጋ ላይም ዶቅማና እንኮይ አሉ። አጥር ለሚፈልግ ደግሞ አጋም አለ፣ እሾሁ ሌባ ይከለክላል፣ ፍሬው ልጅ ያስደስታል።

በሻንጣ አታምጡ

ውጭ አገር ያላችሁ ለእናት ለአባት ስጦታ ብላችሁ ችግኝ ወይም የዛፍ ቁራጭ በሻንጣ የምታመጡ አላችሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ግን ይቅርባችሁ። የማንጎ ነጭ ተባይ እኛ አገር መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ነው። ከውጭ በገባ ችግኝ እንደመጣ ይታመናል። ዛሬ በብዙ አካባቢ የገበሬውን ማንጎ እያበላሸ ነው። ዓይን የማያየው ነገር ቅጠል ሥር ተለጥፎ ይመጣል። ከውጭ የምታስቡት ዛፍ ካለ በኳራንቲን ፈቃድ ይምጣ፣ ካልሆነ እዚሁ ያለውን ፈልጉ። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት በቆላና በወይና ደጋ ፍራፍሬ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል።

ስትገዙና ስትተክሉ

አንድ ጊዜ «የተዳቀለ ጊሽጣ» ተብዬ ከተራው ችግኝ በአራት እጥፍ ዋጋ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ሳየው ግንዱ ከላይ እስከ ታች ለስላሳ ነው። ከዘር የበቀለ ነበር። ጥፋቱ የኔም ነው፣ አላየሁም። የተዳቀለ ችግኝ ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ ጠባሳ ወይም እብጠት አለው። ከሱ በላይና በታች የልጡ መልክም ይለያያል። ጠባሳው ከሌለ የተዳቀለ አይደለም፣ ዋጋውንም አትክፈሉ።

ሌላው ሥሩ ነው። ረጅም ችግኝ ሁሉ ያማልላል። በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት ሜትር የደረሰ ችግኝ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ተጠምዝዟል፣ ተተክሎም ራሱን ያንቃል። ጉልበት የማይደርስ፣ ወፍራም ግንድ ያለው ይሻላል።

ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር በ60 ይሁን። ግን ከመትከላችሁ በፊት ውኃ ሙሉትና በማግስቱ እዩት። ውኃው እዚያው ካለ አፈራችሁ ዋልካ ነው። ጊሽጣም ካዝሚርም የዛፍ ቲማቲምም ሥራቸው ውኃ ውስጥ ከቆመ ክረምቱን አይጨርሱም። ያኔ ጉድጓዱን ትታችሁ ከፍግና ከቀላል አፈር ጉልበት የሚያህል ጉብታ ሥሩና እሱ ላይ ትከሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በብርድ ሞተ ከሚባለው ችግኝ ብዙው በውኃ የሞተ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው ሰኔ ነው፣ ዝናቡ መሬቱን ካረሰረሰ በኋላ። የተዳቀለበት ጠባሳ አፈር እንዳይነካው። በጋው ሲገባ ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለሁለት ከፍላችሁ ስጡት። ሥሩ ዙሪያ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር አልብሱ፣ ግንዱን ግን አያስነኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ካለፈ ካዝሚርና ወሽመላ ከዚያ በኋላ ብዙም አይለምኗችሁም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ደውላልኝ ነበር። ቤቷ ገርጂ ነው። ግቢዋ ከመኪና ማቆሚያው የተረፈ አምስት ሜትር በስድስት ሜትር ቦታ አለው፣ አፈሩ ዋልካ፣ በምሥራቅ በኩል የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ የብሎኬት ግድግዳ። ኮኮናት ነበር ያሰበችው። ወሽመላ መሃል ላይ ከፍ ባለ ጉብታ፣ ግድግዳው ጥግ አንድ ቼሪሞያ እሱም በጉብታ፣ አጥሩ ላይ ሐምራዊ ፓሽን ፍሩት አልኳት። ካዝሚርስ ብላ ጠየቀችኝ፣ መንገድ ዳር ገዝታ በልታ ወዳው ነበር። ለሱ ቦታሽ ጠባብ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እናቴ ሰበታ ሰፊ ግቢ አላት» አለች። ሰኔ ሲገባ ሁለት ችግኝ ይዛ ትሄዳለች፣ ሁለት ያልኳት አንዳንዱ ካዝሚር አበባው ብናኝ ስለማይኖረው ጎረቤት ቢያገኝ ስለሚሻለው ነው።